ድንጋዩ ፎም ነው፤ በመሃላችን ይቅር

በመስታወት የዓሣ ገንዳ ውስጥ፣ ከዓሣዎቹ ጀርባ፣ ከታች እስከ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ጥቁር ቡናማ ገደል ያየ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ይህን የሚያህል ድንጋይ በምን አስገባችሁት?» አላስገባነውም። ውስጡ ቴሌቪዥን ሲገዛ ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው ነጭ ፎም ነው፤ ላዩ ሲሚንቶ ነው። እኛ የምንሠራው ሰዎች ካልተጠየቅን አንናገርም። ደንበኛው ድንጋይ መስሎት ከተደሰተ ለምን ደስታውን እናበላሽበታለን? ሰሞኑን ግን «ራሴ እሠራዋለሁ» የሚል ሰው በዝቶብኛል። የሚሠራው በግምት ነው፤ ዓሣ ደግሞ በግምት አይኖርም። ስለዚህ የሙያውን ጓዳ በር ትንሽ ገርበብ አድርጌ ላሳይህ። ከማን ሰማህ ብትባል እኔን አትጥራ።

የውሸት ድንጋይ የሚያሳፍር ነገር እንዳይመስልህ። ኒው ዮርክ ያለው የብሮንክስ የእንስሳት ማቆያ እ.ኤ.አ. በ1990 የኢትዮጵያን ደጋ አስመስሎ ለጭላዳ ዝንጀሮ ሰፊ ግቢ ከፍቷል። የስዊዘርላንዱ የዙሪክ ማቆያ በ2006 የከፈተውን የጭላዳ ግቢ «የሰሜን ተራራ» ብሎ ሰይሞታል። ካሊፎርኒያ ያለው የሳንዲያጎ ማቆያም በ2017 ባስመረቀው «የአፍሪካ ዐለቶች» ውስጥ የኢትዮጵያ ደጋ የሚባል ክፍል አለው፤ እዚያም ጭላዳ ተቀምጣለች። የእንዲህ ዓይነቱ ገደል አሠራር የታወቀ ነው። ብረት ይበየዳል፤ የሽቦ ወንፊት ይወጠርበታል፤ ሲሚንቶ በግፊት ይረጭበታል፤ እርጥብ ሳለ በማንኪያና በቢላዋ ይቀረጻል፤ በመጨረሻ በቀጠነ ቀለም ደጋግሞ ይታጠባል። የጭላዳዋ ዘር የእኛ፣ ገደሉ የፈረንጅ ሲሚንቶ! በቤት ገንዳ የምንሠራውም ያው ነው፤ የብረቱን ቦታ ፎም ወሰደው እንጂ።

«ታዲያ የሰሜንን ድንጋይ ራሱን አምጣልኝ» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። በተለይ የሆቴል ባለቤት። «አያ፣ አይሆንም» እለዋለሁ፤ በሁለት ምክንያት። አንደኛው፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዚያ ድንጋይ ጭኖ መምጣት ለዓሣ ገንዳ ጌጥ ቀርቶ ለቤት መሠረትም አይፈቀድም። ሁለተኛው ክብደቱ ነው። ጥቁር ድንጋይ አንድ ሊትር የሚያህለው ወደ 3 ኪሎ ይመዝናል። 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 35 ሴንቲ ሜትር ወርድና 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ትንሽ ገንዳ 84 ሊትር ይይዛል፤ የጀርባውን ግድግዳ በ5 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ልሸፍን ብትል 12 ሊትር ድንጋይ ነው፤ ወደ 35 ኪሎ መስታወት ላይ ተደገፈ ማለት ነው። ጠባቡ ገንዳ አንድ ሌሊት ላይቋቋመው ይችላል። የባሕር ዐለት ይሻላል የሚሉም አሉ፤ በምፅዋና በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ያለውን የቀይ ባሕር ኮራል እያሰቡ። ኮራል ሕይወት ያለው እንስሳ ነው፤ ዐለቱን የገነባውም እሱ ነው። ጠንካራ ኮራሎች በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዳቸው ቁጥጥር ያለበት ነው። ጎንደር ላይ ሆኖ ለጌጥ ሲባል ሪፍ (የኮራል ዐለት) ከሚፈርስ ፎም ቢቀረጽ ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ምስጢር። ፎም ይንሳፈፋል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ስንት ኪሎ እንደሚገፋ ግን ማንም አያሰላም። ያው 12 ሊትር የሚሆን ፎም ውኃ ውስጥ ሲጠልቅ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 12 ኪሎ ገደማ ነው፤ የራሱ ክብደት ከግማሽ ኪሎ አይበልጥም። «ሲሚንቶው ያሰምጠዋል» የሚለውን አትመን። አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ የሲሚንቶ ልባስ ቢበዛ 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ውኃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የዚያ ግማሽ ያህል ብቻ ይቀረዋል። የቀረው ግፊት በሙሉ የሚያርፈው ፎሙን ከመስታወቱ ጋር በሚያያይዘው ሲሊኮን ላይ ነው። ስለዚህ ገደሉ ከገንዳው አፍ በታች እንዲቆለፍ አድርገን እንቆርጠዋለን፤ ከላይ ያለው የመስታወት ከንፈር እንዲይዘው። ገንዳው ከንፈር ከሌለው ቀጭን የመስታወት ቁራጭ ከጎንና ከጎን እናጣብቅለታለን። ይህንን ያላደረገ ሰው ገንዳውን በማታ ሞልቶ ይተኛል፤ ሌሊት ገደሉ ተነቅሎ ክዳኑን ሲመታ ይሰማል።

ሲሊኮኑም ቢሆን ጉድ አለው። ሱቅ ገብተህ «ሲሊኮን ስጠኝ» ብትል የሚሰጥህ ብዙ ጊዜ የመታጠቢያ ቤቱን ነው። ሻጋታ እንዳይዝ መድኃኒት የተቀላቀለበት ነው፤ ሻጋታን የሚገድለው መድኃኒት ለዓሣም አይመለስም። የምትፈልገው ሲደርቅ ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚሸተውን፣ ሻጋታ ይከላከላል የሚል ያልተጻፈበትን ነው። ሁለተኛው ነገር አቀባቡ ነው። ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየር እርጥበት እየወሰደ ከዳር ወደ ውስጥ ነው፤ በቀን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር። ፎሙን ሙሉ በሙሉ ለቅልቀህ መስታወቱ ላይ ብትለጥፈው ዳሩ ይደርቅና መሃሉ ለሳምንታት እርጥብ እንደሆነ ይቀራል። በመስመር በመስመር፣ በመካከል አየር የሚገባበት ክፍተት ትተህ ቅባው። ከዚያ አንድ ሳምንት አትንካው።

ፎሙን ከፎም ጋር የሚያያይዘው ደግሞ አሉሚኒየም ሠራተኞች በመስኮት ዙሪያ የሚረጩት የሚያብጠው ፎም ነው። ጓንት አድርግ፤ እጅህ ላይ ከደረቀ ቆዳህ ራሱ እስኪቀየር ይቆያል። በበጋ የጎንደር አየር ደረቅ ስለሆነ ትንሽ ውኃ ካልረጨህበት ውስጡ ሳይደርቅ ይቀራል፤ ያልደረቀው መርዝ ነው፣ በደንብ የደረቀው ግን ለዓሣ አያስቸግርም። ሲደርቅ ላዩ የሚያበራ ለስላሳ ቆዳ ያወጣል። ያንን ቆዳ በቢላዋ ሙሉ በሙሉ ግፈፈው፤ ሲሚንቶ የሚይዘው የተከፈተውን ቀዳዳ ነው እንጂ ቆዳውን አይደለም። በጋለ ብረት የሚቀርጹ አሉ። ሽታው አይጣል ነው፤ ጭሱም ሳንባን ይጎዳል፤ ደጅ ካልሆነ አይሆንም። ቤንዚን፣ አሴቶን፣ የጣሳ ስፕሬይ ቀለም ነጩ ፎም አጠገብ አታድርስ፤ ዓይንህ እያየ ይቀልጣል።

የውሸት ድንጋይ ውሸትነቱ የሚታወቀው በቀለሙ ይመስልሃል? በቅርጹ ነው። ጀማሪ የሚሠራው ገደል ሁሉ እኩል መጠን ያላቸው እብጠቶች ተደርድረው የሚታዩበት ነው። ድንጋይ እንደዚያ አይሆንም። ከደባርቅ ወጥተህ በሊማሊሞ ቁልቁለት ስትወርድ መኪናውን አስቁምና መንገዱ የቆረጠውን ገደል ተመልከት። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ አንዱ ፍሳሽ በሌላው ላይ እየተነባበረ የወጣ። ጠንካራው ንብር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ለስላሳው እየተሸረሸረ ሸርተቴና እርከን ይሠራል። ጭላዳ ሣር የምትግጠው በዚያ እርከን ላይ ነው፤ በገንዳ ውስጥ ደግሞ ኮራል የሚቀመጥበት ያ እርከን ነው። እንግዲህ ፎሙን ስትቀርጽ ወርድ ያለው አግድም መስመር አስቀድም፤ ቀጥ ያለውን ስንጥቅ ከዚያ በኋላ አምጣው፤ አንዱን ንብር ወፍራም፣ አንዱን ቀጭን አድርገው። እርከኖቹን ወደ ፊት ትንሽ ዘንበል አድርጋቸው፤ ያለበለዚያ ቆሻሻ ይከማችባቸዋል።

ሁለተኛው መምህሬ የፋሲል መዋኛ ግንብ ነው። ሰው ለጥምቀት ሲሄድ ውኃውን ያያል፤ እኔ የማየው የዛፎቹን ሥር ነው። ሥሩ ከግንቡ አናት ተነስቶ ድንጋዩን አቅፎ፣ በየመጋጠሚያው ገብቶ መሬት ደርሷል። ወፍራም ገመድ በፎም ቀዳዳ አሳልፈህ በሲሚንቶ ብትለብጠው ያንኑ ሥር ታገኛለህ። በገንዳ ውስጥ እንደ ሥር ያለ ነገር የገደሉን ጥግ ይደብቃል፤ የፓምፑን ሽቦም ይደብቃል። ልምድ ያለው ዓይን የሚፈትሸው ደግሞ ያንን ጥግ ነው፤ መስታወቱ ከድንጋዩ ጋር የሚገናኝበትን። እዚያ ላይ ነጭ ፎም ብልጭ ካለ ሥራው አለቀለት።

ሲሚንቶውን ስትገዛ ፒፒሲ በል። ግንበኛ ለኮለን ኦፒሲ ሊያስመርጥህ ይችላል፤ ለዓሣ ግን ፒፒሲ የተሻለ ነው፤ ውስጡ ያለው የእሳተ ገሞራ ዱቄት ሲሚንቶው የሚተፋውን ኖራ በከፊል ይበላዋል። የመጀመሪያው ቅብ እንደ አጥሚት የቀጠነ ይሁን፤ በብሩሽ እያሸህ በየቀዳዳው አስገባው። ቀጣዮቹን አንድ እጅ ሲሚንቶ በሁለት እጅ አሸዋ አድርገህ እያወፈርክ፣ በየቀኑ አንድ ንብር ጨምር፤ ከመጨመርህ በፊት ያለፈውን አርጥበው። አሸዋው ላይ ሆምጣጤ ጠብ አድርግበት፤ ከፈላ ኖራማ ነው፣ ለጣፋጭ ውኃ ዓሣ አይሆንም፤ ለጨዋማው ገንዳ ግን ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

ይህን የምለው በሹክሹክታ ነው፦ ቅዳሜ ገበያ ሄደህ ለከብት የሚሸጠውን አሞሌ ጨው ግዛ። ቀጥቅጠህ ሽምብራ ሽምብራ የሚያህለውን ለየው፤ በመጨረሻው ሲሚንቶ ላይ እርጥብ ሳለ በጣትህ ተጫነው። በኋላ ገንዳውን ስትዘፈዝፍ ጨው ሟሙቶ ይሄዳል፤ ቦታው ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ይቀራል። ቆሻሻውን የሚያጠሩት ጥቃቅን ተሕዋስያን የሚሰፍሩበት ቀዳዳ ነው፤ ለዓይንም ሪፍ ይመስላል። በአጼዎቹ ዘመን እንደ ገንዘብ ሲመነዘር የኖረ አሞሌ ለዚህ ይውላል ብሎ ማን ያስብ ነበር!

ዓሣ የሚያልቀው ከዚህ በኋላ ባለው ትዕግሥት ማጣት ነው። ትኩስ ሲሚንቶ የነካው ውኃ ፒኤች ከ12 በላይ ይደርሳል፤ የሪፍ ውኃ 8.1 እስከ 8.4 ነው የሚፈልገው። ሲሚንቶው 28 ቀን እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ላስቲክ ሸፍንበት፣ ጠዋት ማታ ውኃ እርጨው። ከዚያ ገንዳውን ሞልተህ በየሦስት ቀኑ ውኃውን ለውጥ፤ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ሆምጣጤ ብትጨምርበት ሥራው ይፋጠናል። በንጹህ ውኃ ሦስት ቀን አሳድረህ ለካ፤ ከ8.5 ካላለፈ ተገላገልክ። የጎንደር ሽማግሌ ግንበኞች ኖራ ጊዜ ሳይሰጠው እንደማይሠራ ያውቃሉ። የፋሲል ግቢ ቤተ መንግሥቶች የተያያዙት በኖራ ነው፤ ጣሊያን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሲሚንቶ የጠገነው ቦታ ነው ኋላ ጥገና ባለሙያዎቹን ያስቸገራቸው፤ አውጥተው በኖራ ተክተውታል።

ቀለም ላይ አልቆይም። በሲሚንቶው ውስጥ ጥቁርና ቡናማ የኦክሳይድ ዱቄት ቀላቅል፤ የመጨረሻውን ብቻ አቅልለህ ጫፍ ጫፉን ንካ። ሐምራዊ አትቀባ። የጨዋማ ውኃ ገንዳ በሚቀጥሉት ወራት የራሱን ሐምራዊ ልባስ ያበቅላል፤ የአንተ ቀለም ከሥሩ ይቀበራል።

ደንበኛ የማይጠይቀው፣ እኛም የማንናገረው ሌላው ነገር ከገደሉ ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ነው። ውኃ የማይዘዋወርበት ክፍተት ከተተወ ቆሻሻ ይከማችና እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይፈጥራል። ወይ ጀርባውን ሙሉ በሙሉ ዝጋው፣ ወይ ፓምፑንና ማሞቂያውን እዚያ አስቀምጠህ ውኃው በታች ገብቶ በላይ እንዲወጣ አድርግ። መግቢያውን በፕላስቲክ ወንፊት ሸፍነው፤ ትንሽ ዓሣ ሁልጊዜ የሚሄደው ወደማይፈለገው ቦታ ነው። ማሞቂያው ፎሙን እንዳይነካ። ፎሙ አንድ ውለታ አለው፤ የጀርባውን መስታወት ስለሚሸፍን የጎንደርን የሌሊት ብርድ ይከላከላል። 25 ዲግሪ ለሚፈልግ ገንዳ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ መብራት በጠፋበት ሌሊት ደግሞ የበለጠ።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያነሰ ነው፤ ደባርቅ ላይ ከሩብ በላይ ይቀንሳል። ጨዋማ ውኃ ደግሞ ከጣፋጩ ያነሰ ይይዛል። ከውጭ በመጣ መመሪያ ላይ «ለ84 ሊትር አራት ዓሣ» ካለህ እዚህ ሁለት አድርገው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከማስጌጫው መብራት በፊት ይገዛ።

የባሕር ውኃ በጨው ነው የሚሠራው ብለህ የአፍዴራን ጨው እንዳትበጠብጥ። እሱ የወጥ ጨው ነው። የባሕር ውኃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ሲኖረው ውስጡ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታስየም አለ፤ ኮራል አጥንቱን የሚሠራው በካልሲየሙ ነው። ለሪፍ ተብሎ የተቀመመውን ጨው ማስመጣት ግድ ነው። ገደሉ 12 ሊትር ስለሚወስድብህ ለቀሪው 72 ሊትር 2 ኪሎ ተኩል ይበቃል። የሚበጠበጥበት ውኃም መጣራት አለበት፤ ማጣሪያው ደግሞ አንድ ሊትር ሊሰጥህ ሦስት አራት ሊትር ይደፋል። የአንገረብ ግድብ በደለል በተቸገረበት፣ ሰው በጄሪካን ወረፋ በሚቆምበት ከተማ ይህንን መድፋት ነውር ነው። የሚደፋውን በሮቶ አጠራቅመህ ልብስ እጠብበት። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው የጣፋጭ ውኃ ገንዳ ቢይዝ ይሻለዋል፤ ያው ገደል ለጣፋጭ ውኃም ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ሰው ሪፍ አልሠራም፤ ገንዘቡንም አልቀበልም።

መጀመር ከፈለግህ ክረምቱ ሲወጣ ጀምር። መስከረም ላይ ፎሙን ቅረጽና አጣብቅ። ጥቅምት 1 የመጨረሻውን ሲሚንቶ ቀብተህ ወሩን በሙሉ እርጥብ አድርገህ አቆየው፤ ኅዳርን በሙሉ ዘፍዝፈው። ታኅሣሥ 1 ጨዋማውን ውኃ ሙላ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት 40 ቀናት የዓሣን ሽንት መርዝ የሚያረክሱት ተሕዋስያን የሚባዙባቸው ናቸው፤ ገንዳው ባዶ መስሎ ቢታይህም አትቸኩል። የመጀመሪያውን ዓሣ ጥር 11 አስገባ። «በሁለት ሳምንት ከነዓሣው አስረክብሃለሁ» የሚል ባለሙያ ከመጣብህ ቀብድ እንዳትሰጠው።